እከክ፣ ሙጃሌ ወይስ ቁንጭር? ከመንገድ ይዘነው ለምንገባው የቆዳ ጣጣ መድኃኒት አመራረጥ

ሐዋሳ መናኸሪያ አካባቢ መድኃኒት ቤት ውስጥ የሠራ ሰው የመንገደኛን ልማድ ያውቃል። መንገደኛው ከመኪና ወርዶ መጀመሪያ ውኃ ይጠይቃል፤ ቀጥሎ እያከከ ቅባት ይጠይቃል።

ባለፈው በጋ አንድ የጭነት መኪና አሽከርካሪ ሦስት ባዶ የቅባት ቱቦዎች ከጃኬቱ ኪስ አውጥቶ ባንኮኒው ላይ ደረደረ። አንዱን ሞያሌ፣ አንዱን ዲላ፣ አንዱን እዚሁ ከተማ ነበር የገዛው። የሣጥናቸው ቀለም ይለያያል፤ ውስጣቸው ግን አንድ ነው፣ ቤታሜታሶን። «ስቀባው ፋታ ይሰጠኛል፣ ስተወው በእጥፍ ይመጣል» አለኝ። እጁን ተቀብዬ ወደ ብርሃን አዞርኩት። በመሐል ጣቱና በቀለበት ጣቱ መካከል በእርሳስ የተጫረች የምትመስል፣ አንድ ሳንቲሜትር የማትሞላ ጠመዝማዛ መስመር ነበረች፤ ጫፏ ላይ ጥቁር ነጥብ። እከክ ነው፤ ቆዳ እየቆፈረ የሚገባ ደቃቅ ተባይ የሚያመጣው። የቀባው ቅባት ማሳከኩን ጸጥ ያሰኛል፣ ተባዩን ግን አይነካውም። እንዲያውም የቆዳውን መከላከያ ስለሚያስተኛው ለተባዩ ሠርግና ምላሽ ይሆንለታል።

ሰውየው ሦስት ከተማ ሦስት ቅባት የገዛው የትም ቦታ እጁን ያየለት ሰው ስላልነበረ ነው። ስለዚህ መድኃኒትን ከመድኃኒት ከማወዳደራችን በፊት በሽታን ከበሽታ እናወዳድር።

የት ወጣ? መቼ ጀመረ?

እከክ ቦታ ይመርጣል። በጣቶች መካከል፣ የእጅ አንጓ፣ ክርን፣ ብብት፣ የእምብርት ዙሪያ፣ ቀበቶ የሚያርፍበት ወገብ፣ በሴቶች የጡት ጫፍ ዙሪያ፣ በወንዶች ብልት ላይ ይወጣል። በአዋቂ ሰው ፊትና ራስ ላይ እምብዛም አይታይም። በሕፃናት ግን ራስም፣ መዳፍም፣ ውስጥ እግርም አይቀረውም። ማታ ሰውነት ብርድ ልብስ ውስጥ ሲሞቅ ይብሳል። ደግሞም ብቻውን አይኖርም፤ አልጋ የሚጋራ ሰው ካለ ውሎ አድሮ እሱም ማከክ ይጀምራል።

ትኋን የሚነክሰው ከልብስ ውጭ ያደረውን አካል ነው፤ ክንድ፣ አንገት፣ እግር። ብዙ ጊዜ ሦስት አራት ንክሻ በአንድ መስመር ተሰልፎ ይገኛል፤ አልጋ ሲቀየር አዲስ ንክሻ ይቆማል። ጭርት ዙሪያው የቀላ፣ መሐሉ የጠራ ቀለበት ይሠራል፤ ፈንገስ ስለሆነ ከዚህ በታች ካሉት መድኃኒቶች አንዱም አይበጀውም። ሙጃሌ ከእግር ብዙም አይርቅም። ቁንጭር፣ የአሸዋ ዝንብ የምታመጣው የቆዳ ቁስል፣ አብዛኛውን ጊዜ አያሳክክም፣ አያምምም፤ ዝም ብሎ ይሰፋል። ከቆዳ ሥር በየቀኑ ቦታ እየለወጠ የሚጓዝ ቀይ መስመር ካዩ ደግሞ ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ነው፤ እመለስበታለሁ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በጊዜው ነው። እከክ ለመጀመሪያ ጊዜ የያዘው ሰው ማከክ የሚጀምረው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ነው። ከዚህ በፊት ይዞት የሚያውቅ ከሆነ ሰውነቱ ስለሚያውቀው ከ1 እስከ 4 ቀን ውስጥ ይቀሰቀሳል። ስለዚህ ትናንት ያደረበትን ሆቴል የሚረግም እንግዳ ብዙ ጊዜ ንጹሕ አልጋ ነው የሚወነጅለው። ከወር በፊት ለቅሶ ሄዶ ከዘመድ ጋር አንድ ፍራሽ ላይ ያደረውን ሌሊት ረስቶታል።

የሚጠራጠር ሰው ቤቱ ሆኖ የሚሞክራት አንዲት ዘዴ አለች። የተጠረጠረውን መስመር በማርከር ቀለም ቀብቶ ወዲያው በአልኮል የነከረ ጥጥ መጥረግ ነው። ተባዩ የቆፈራት ቦይ ካለች ቀለሙ እዚያ ውስጥ ይቀራል፤ መስመሯ ቁልጭ ብላ ትታያለች። ባትታይም ግን ነፃ ነኝ ማለት አይቻልም። ተራ እከክ ባለበት ሰው መላ አካል ላይ ያሉት ተባዮች ከ10 እስከ 15 ቢሆኑ ነው። ሽፍታውና ማሳከኩ የሰውነቱ ቁጣ እንጂ የተባዩ ብዛት አይደለም።

ለእከክ አራት ምርጫ

መደርደሪያ ላይ አራት ነገር አለ፤ ሁሉም በአግባቡ ከተጠቀሙበት ያድናሉ። ልዩነታቸው ዋጋ፣ ሽታ፣ ዕድሜና ትዕግሥት ላይ ነው።

ፐርሜትሪን 5 በመቶ ቅባት እጄን ቶሎ የምዘረጋለት ነው። ሽታ የለውም፣ ብዙም አያቃጥልም፣ ሁለት ወር ከሞላው ሕፃን ጀምሮ ይሰጣል። ነፍሰ ጡር ሴትም በባለሙያ ምክር ልትጠቀምበት ትችላለች። ማታ ገላን ታጥቦ፣ ቆዳው ከደረቀና ከቀዘቀዘ በኋላ ከአንገት እስከ ውስጥ እግር ይቀባል። ከ8 እስከ 14 ሰዓት ቆይቶ ይታጠባል፤ በሳምንቱ ይደገማል። ጉድለቱ ዋጋው ነው። ለአንድ አዋቂ ሰው 30 ግራም ያህል ያስፈልጋል፤ ቤተሰቡ ስድስት ከሆነ ስድስት ቱቦ ማለት ነው። እዚህ ላይ ሰዎች መቆጠብ ይጀምራሉ። አንዷን ቱቦ ለሦስት ተካፍለው የሚያሳክክ ቦታ ላይ ብቻ ያደርጓታል፤ ከዚያ «መድኃኒቱ አልሠራም» ይላሉ። የሚያሳክከው ቦታና ተባዩ ያለበት ቦታ አንድ አይደለም። በጥፍር ሥር፣ በእምብርት ውስጥ፣ በመቀመጫ መካከል ያልተቀባ ቅባት ባዶ ድካም ነው። ማታ ከቀቡ በኋላ እጃቸውን ታጥበው እራት የሚበሉም አሉ። ከታጠቡ እንደገና መቀባት ግድ ነው፤ እጅ ዋናው የተባዩ ሰፈር ነውና።

ቤንዚል ቤንዞዌት ነጭ ፈሳሽ ነው፤ የጤና ባለሙያዎች ቢቢኤል ይሉታል። ርካሽ ነው፣ በጤና ጣቢያ ይገኛል፣ ተባዩን አጥብቆ ይገድላል። ለአዋቂ የሚሆነው 25 በመቶው ነው። ለልጅ በእኩል ውኃ ተበርዞ ግማሹ ይሰጣል፤ ለጨቅላ ከዚያም በታች ይቀጥናል፤ ልኬቱን ባለሙያ ቢነግርዎ ይሻላል። ተቀብቶ 24 ሰዓት ይቆያል፣ ሐኪሙ ባዘዘው መሠረት ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን ይደገማል። ችግሩ ያቃጥላል። አክኮ ቆዳውን ያቆሰለ ሰው ሲቀባው ቁጭ ብሎ መቆየት አይችልም። ቢቢኤል ሰጥቻቸው በማግሥቱ ጠርሙሱን ያልተነካ ያህል ይዘው የተመለሱ ብዙ አሉ። ቆዳው ከቆሰለና መግል ከያዘ መጀመሪያ ቁስሉ ይታከም።

የድኝ ቅባት የአያቶቻችን ነው፤ ስለ አረጀ ግን አይናቅም። ከ5 እስከ 10 በመቶ ድኝ በቫዝሊን ተለውሶ ለሦስት ተከታታይ ሌሊት ይቀባል። ይሸታል፣ አንሶላ ያበላሻል፣ ባልና ሚስት ያጣላል። ነገር ግን ሁለት ወር ላልሞላው ጨቅላ ከሁሉ የተሻለው ምርጫ እሱ ነው፤ ለነፍሰ ጡርም አይከለከልም። ወንዶ ገነት ፍል ውኃ ሄደው «ድኝ አለበትና እከኬን አጥቦ ይወስደዋል» ብለው የሚመለሱ ደንበኞች አሉኝ። ሙቅ ውኃ ደስ ይላል፤ ነገር ግን ለሁለት ሰዓት የተዘፈዘፈ ገላና ለሦስት ሌሊት ቅባት ያደረበት ገላ አይገናኙም።

አራተኛው የሚዋጥ ነው፣ አይቨርሜክቲን። ለአንድ ኪሎ ክብደት 200 ማይክሮግራም ይሰላል፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 12 ሚሊግራም ማለት ነው። ለእከክ ሲሆን ከምግብ ጋር ይወሰዳል። እንቁላሉን ስለማይገድል ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ሁለተኛው ዙር ይደገማል፤ የመጀመሪያውን ውጦ ሁለተኛውን የዘለለ ሰው ከተፈለፈሉት ጋር እንደገና ይጀምራል። ከ15 ኪሎ በታች ለሆነ ልጅና ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። ብዙ ሰው አንድ ላይ ለሚኖርበት ቦታ የሚተካው የለም። አንድ ክፍል ለአራት ለአምስት ተከራይተው የሚኖሩ የኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞች፣ ሁሉም በአንድ ሌሊት ራቁታቸውን ቅባት ተቀብተው እንዲያድሩ መጠየቅ ከባድ ነው፤ ኪኒን ግን ሁሉም በአንድ ምሳ ይውጣል። በ2008 ዓ.ም. በኤልኒኖው ድርቅ ጊዜ በአማራና በትግራይ እከክ በወረርሽኝ መልክ በተነሣ ጊዜ ለብዙ ሺህ ሰው በጅምላ ሕክምና መስጠት ያስፈለገው ለዚሁ ነው።

እዚህ ላይ ድምፄን ከፍ ማድረግ እፈልጋለሁ። ለከብት የተዘጋጀ አይቨርሜክቲን አለ፤ ርካሽ ነው፣ የእንስሳት መድኃኒት ከሚሸጥበት በቀላሉ ይገኛል። ለበሬ ክብደት የተሰላን መርፌ ለሰው መስጠት ሞትን መጋበዝ ነው። ላምባ መቀባት ቆዳ ያቃጥላል። ገላን በማላታይን ማሸትም እንደዚሁ ነው፤ እርሻ ላይ የሚረጭ መርዝ በተቧጠጠ ቆዳ በኩል ወደ ደም ይገባል።

እኔ ብሆን እንዲህ እመርጣለሁ፦ ብቻውን ለሚኖር አዋቂ ፐርሜትሪን። አቅም ለሚያንሰው ቤተሰብ ቢቢኤል፣ ጨቅላ ካለ ለእሱ የድኝ ቅባት። ብዙ ሰው ለተጨናነቀበት ቤት አይቨርሜክቲን፣ ያውም በጤና ጣቢያ በኩል። ከሁለት ትክክለኛ ዙር በኋላ አዲስ ሽፍታ ከወጣ መድኃኒቱን መቀየር ተገቢ ነው፤ ፐርሜትሪን ያልበገራቸው ተባዮች በሌሎች አገሮች መታየት ጀምረዋል።

ከአራቱ የትኛውም ቢመረጥ ግን ቤቱ አብሮ ካልታከመ ዋጋ የለውም። የሚያክከውም የማያክከውም በአንድ ቀን ይታከማል። አሽከርካሪውን «ባለቤትህና ልጆችህ?» ስለው «እነሱ ደህና ናቸው» አለኝ። ደህና የሆኑት ስድስት ሳምንቱ ስላልሞላ ነበር። ተባዩ ከሰው ቆዳ ውጭ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ቢቆይ ነው፤ ስለዚህ ፍራሽ መጣል፣ ግድግዳ መቀባት፣ ቤት መርጨት አያስፈልግም። ባለፉት ሦስት ቀናት የተለበሰውንና የተነጠፈውን በጣም በሞቀ ውኃ አጥቦ ፀሐይ ላይ ማስጣት፣ መተኮስም ይበጃል። የማይታጠበውን ብርድ ልብስና ጃኬት ፌስታል ውስጥ አጥብቆ አስሮ ለአንድ ሳምንት ጥግ ማስቀመጥ ይበቃል። ድካምዎን ቅባቱ ላይ ያውሉት።

አንድ ነገር ሳይነገራቸው የሚሄዱ ሰዎች ሁሌም ተመልሰው ይመጣሉ። ተባዩ ከሞተ በኋላም ማሳከኩ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይቀጥላል፤ ሬሳውና ቆሻሻው ገና ቆዳ ውስጥ ነውና። ይህን የማያውቅ ሰው በየሦስት ቀኑ ይቀባል፤ ቆዳው ይደርቅና በመድኃኒቱ ማከክ ይጀምራል። ያ አሽከርካሪም በሁለተኛው ሳምንት መጣ። እጁን አየሁት፤ አሮጌው መስመር ጠፍቷል፣ አዲስ የለም። የማሳከክ ኪኒን ሰጥቼ ሰደድኩት፤ ፐርሜትሪን ሽጥልኝ ቢል ግን እምቢ አልኩት። ተቀየመኝ።

ሙጃሌ፦ መርፌው ወይስ ዘይቱ

ለፍቼ ጨምበላላ ገጠር ሄዶ የሚመለስ የከተማ ልጅ ሁለት ነገር ይዞ ይመጣል፤ የአያቱን ቅቤና ሙጃሌ። በሲዳማ ወንሾ አካባቢ በተደረገ ጥናት ከታዩት ልጆች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሙጃሌ ተገኝቶባቸዋል፤ ስለዚህ አንድ ሳምንት በባዶ እግሩ የሮጠ እንግዳ ልጅ ቢይዘው አይገርምም። ሙጃሌ ቁንጫ ናት፤ ሴቷ ጣት ሥር፣ ጥፍር ዳር፣ ተረከዝ ላይ ጭንቅላቷን ቀብራ ትገባና በእንቁላል ታብጣለች። ከደቡብ አሜሪካ የመጣች ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1872 በመርከብ አንጎላ ደርሳ ነው አፍሪካን ያዳረሰችው። ስንት ዘመን አብራን እንደኖረች ለሚያስብ ሰው ዕድሜዋ አጭር ነው።

አንዲት እናት የስድስት ዓመት ልጃቸውን አምጥተው «ዶክተር፣ ጣቱ ላይ ምን እንደበቀለ እዩልኝ» አሉኝ። ዶክተር አይደለሁም፤ መናኸሪያ አካባቢ ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው። ትንሿ ጣቱ ዳር የአተር ፍሬ የምታህል ነጭ እብጠት፣ መሐሏ ላይ ጥቁር ነጥብ። ነጥቧ የቁንጫዋ የኋላ ጫፍ ናት፤ የምትተነፍሰውም እንቁላል የምትጥለውም በዚያች ቀዳዳ ነው። እናትየው ነጠላቸው ላይ የሰኩትን መርፌ ቁልፍ ነቅለው ከፊቴ ሊያወጡት ተነሡ።

መርፌ ይሠራል፤ አልክድም። አንድ ወይም ሁለት ብቻ ለሆነችና ገና ለገባች ሙጃሌ ንጹሕ በሆነ መርፌ ሳትፈርጥ ሙሉውን ማውጣት ትክክለኛ ሕክምና ነው። ጣጣው ያለው መርፌዋ ላይ ነው። በአንድ መርፌ ቁልፍ የሦስት ልጆች እግር የሚፈለቀቅበት ቤት ውስጥ የጉበት ቫይረስና ኤችአይቪ ከእግር ወደ እግር ሊሄዱ ይችላሉ፤ አፈር የነካ ቁስል ደግሞ መንጋጋ ቆልፍን ይጋብዛል። ግማሿ ተቆርጣ ውስጥ ከቀረች ጣቱ ይመግላል። ስለዚህ ምርጫው ጤና ጣቢያ በንጹሕ መሣሪያ ማስወጣት፣ ቁስሉን ማጽዳትና የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት መጠየቅ ነው። እናትየውንም የመከርኳቸው ይህንኑ ነው፤ እሺ አሉኝ፤ መርፌ ቁልፏን ግን ወደ ነጠላቸው ሳይሆን ወደ ቦርሳቸው ሲከቱ አይቻለሁ።

እግሩ በሙጃሌ የተወረሰ ሰው ላይ ግን መርፌ ጭካኔ ነው። ለእሱ የተሻለው ዳይሜቲኮን ነው፤ ለራስ ቅማል የሚሠራ ቀጭን የሲሊኮን ዘይት። በጥቁሯ ነጥብ ላይ ሲንጠባጠብ መተንፈሻዋን ዘግቶ በሳምንት ውስጥ ይገድላታል፤ ማንም ሰው አይቆረጥም፣ አይደማም። ሐምራዊው የፖታሽየም ፐርማንጋኔት ውኃ ውስጥ እግር መዘፍዘፍ በየቤቱ የተለመደ ነው። ሁለቱ ኬንያ ውስጥ ጎን ለጎን ሲፈተኑ ዳይሜቲኮኑ በእጥፍ ያህል በልጦ ተገኝቷል። ችግሩ በእኛ መደርደሪያ ላይ ዳይሜቲኮን እንደ ልብ አይገኝም። ሲያጡት ፐርማንጋኔቱ ከምንም ይሻላል፤ ቁስሉ እንዳይመግል ይረዳል። አይቨርሜክቲን መዋጥ ግን ለሙጃሌ አይጠቅምም፤ ለእከክ የገዙት ተርፎ ለልጁ እግር ይሆናል ብለው እንዳያስቡ።

የሚሄደው መስመር

ይህ ከሞምባሳ ወይም ከዛንዚባር የባሕር ዳርቻ ተመልሰው ለሚመጡት ነው። የውሻና የድመት የአንጀት ትል እጭ አሸዋ ላይ ቆይቶ የሰውን ቆዳ በስቶ ይገባል። ነገር ግን የሰው አካል መንገዱን ስለማያውቀው ወደ ውስጥ መዝለቅ አይችልም፤ ከላይ ከላይ ሲንከራተት ይኖራል። ውስጥ እግር ወይም መቀመጫ ላይ ቀይ ክር የመሰለ ጠመዝማዛ መስመር ይታያል፤ በቀን ከጥቂት ሚሊሜትር እስከ ሁለት ሳንቲሜትር ይጓዛል። ዛሬ ጫፉን በእስክሪብቶ ምልክት አድርገው ነገ ይመልከቱት፤ ካለፈ ስሙን አወቁት።

ሦስት ምርጫ አለ፤ መጠበቅ፣ አልቤንዳዞል፣ አይቨርሜክቲን። ቢጠብቁትም በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ራሱ ይሞታል፣ ግን እንቅልፍ ይነሣል። አይቨርሜክቲን በአንድ ጊዜ ውጠት አብዛኛውን ሰው ያድናል። አልቤንዳዞል 400 ሚሊግራም በቀን አንድ፣ ቢያንስ ለሦስት ቀን ይወሰዳል፤ አንዳንዴ እስከ ሰባት ቀን ይደርሳል። እዚህ ላይ ነው የእኛ ሰው የሚሳሳተው። አልቤንዳዞልን የሚያውቀው ለሆድ ትል አንዴ በሚዋጠው ኪኒን ነው፤ አንዷን ውጦ «ቀምሼው አልሠራልኝም» ይላል። በበረዶ ወይም በእሳት ጫፉን ማቃጠል ከንቱ ነው፤ እጩ ከሚታየው መስመር ቀድሞ ሄዷል። በመጀመሪያዎቹ የእርግዝና ወራት ላይ ያለች ሴት ሁለቱንም መድኃኒት ከሐኪም ሳትመክር አትውሰድ።

ቁንጭር ከመድኃኒት ቤት አይገዛም

ከሐዋሳ አርባ ምንጭ ወርደው፣ ከዚያ ኦቾሎ መንደር ወጥተው አባያን ከላይ ለማየት የሚሄዱ ወጣቶች እየበዙ ነው። ቦታው ያምራል። ገደሉና ዋሻው ደግሞ የሽኮኮ ቤት ነው። ቁንጭርን የምታስተላልፈው ከትንኝ እጅግ የምታንስ የአሸዋ ዝንብ ናት፤ ከሽኮኮ ተቀብላ ማታ ለሰው ታወርሳለች። በአገራችን በደጋና በወይና ደጋ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,400 እስከ 2,700 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ ይገኛል። ንክሻው ከተረሳ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ጉንጭ፣ አፍንጫ ወይም ጆሮ ላይ እንደ ብጉር ይነሣል፤ ይሰፋል፣ ይቀርፋል፣ ቶሎ አይድንም።

ከእከክ ጋር ሲነጻጸር ሁሉ ነገሩ ግልባጭ ነው። እከክ ያሳክካል፣ ቁንጭር ብዙ ጊዜ አያሳክክም። እከክ ከሰው ወደ ሰው በአልጋ ይተላለፋል፤ ቁንጭር በመጨባበጥም በመተኛትም አይተላለፍም፣ ስለዚህ ሰውየውን ማግለል ግፍ ነው። እከክን በዓይንና በጥያቄ መለየት ይቻላል፤ ቁንጭር ከቁስሉ ዳር ተፍቆ በማይክሮስኮፕ መታየት አለበት፤ የቆዳ ነቀርሳና የሥጋ ደዌም ይመስላልና።

ሕክምናውም በስፋቱ ይወሰናል። አንዳንዱ ትንሽ ቁስል በራሱ ይሽራል፤ ግን ዓመትና ከዚያም በላይ ሊፈጅና ጠባሳ ሊተው ይችላል። ትንሽና ጥቂት ከሆነ በፈሳሽ ናይትሮጅን ማቀዝቀዝ ወይም ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔትን ቁስሉ ውስጥ መውጋት ይሠራል። አፍንጫና ከንፈር ውስጥ የገባ ወይም ፊት ላይ የተስፋፋ ከሆነ በጡንቻ የሚሰጥ መርፌ ወይም የሚዋጥ ሚልቴፎሲን ያስፈልጋል። ሁለቱም ክትትል ይፈልጋሉ፤ ሚልቴፎሲን ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። እዚህ የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የቆዳ ሐኪም ዘንድ ይጀምሩ፤ ከዚያ የሚያልፈው አዲስ አበባ አለርት ሆስፒታል ይላካል። በቅጠል ጭማቂና በጋለ ብረት ያቃጠሉት ቁንጭር በኋላ የሚተወው ጠባሳ ከራሱ ከቁንጭሩ ይከፋል፤ ብዙ ፊት አይቼ የምናገረው ነው። ለጉዞ ደግሞ ተራ አጎበር ቀዳዳው ለአሸዋ ዝንብ ሰፊ ነው፤ በመድኃኒት የተነከረውን ይዞ መሄድና ዋሻ አጠገብ አለማደር ይሻላል።

ሐይቃችንስ?

የሐዋሳ ሐይቅ ዳር ዓሣ በልቶ መዝናናት ሌላ፣ ውኃው ውስጥ ገብቶ መዋኘት ሌላ ነው። ሐይቁ ውስጥ ብልሃርዚያ የምታስተላልፍ ቀንድ አውጣ አለች፤ በዳርቻው በሚኖሩ ተማሪዎችና ዓሣ አስጋሪዎች ላይ በሽታው በተደጋጋሚ ተገኝቷል። ዋኝተው በወጡ በሰዓታት ውስጥ ውኃ በነካው ቆዳ ላይ ሁሉ የሚያሳክክ ሽፍታ ቢወጣ እከክ ነው ብለው ቅባት አይግዙ፤ በቀናት ውስጥ ይጠፋል። የሚያሳስበው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በማግሥቱ ፕራዚኳንቴል መዋጥ አይረዳም፤ መድኃኒቱ ገና ያልጎለመሰውን ትል አይገድልም። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይተው ሰገራ ያስመርምሩ።

ሣር ላይ የተሰጣ ልብስ ለብሶ ከቀናት በኋላ ብጉንጅ የመሰለ፣ መሐሉ ቀዳዳ ያለው፣ ውስጡ የሚነቃነቅ ነገር ያለው እብጠት ያወጣ ሰው ካለ የዝንብ እጭ ነው። አይጭመቁት፤ ይፈነዳና ይመረቅዛል። ቀዳዳውን በቫዝሊን ወፍራም አድርገው ይድፈኑት፤ አየር ፍለጋ ወደ ላይ ሲወጣ በወረንጦ ይሳባል። የጋለ ካውያ ይህን ሁሉ ከመነሻው ይከላከላል፣ የውስጥ ሱሪን ጨምሮ።

መድኃኒት ቤት፣ ጤና ጣቢያ ወይስ የቆዳ ሐኪም

ጤነኛ አዋቂ ከሆኑ፣ ምልክቱ የእከክ ከሆነና ቆዳው ካልመገለ፣ መድኃኒት ቤት ይበቃል፤ ባለሙያው እጅዎን ሳያይ ቅባት ከሰጠዎ ግን ሌላ ቤት ይሂዱ። ጨቅላ፣ ነፍሰ ጡር፣ የስኳር ሕመምተኛ፣ መግል የያዘ እከክ፣ ትኩሳት፣ ወይም ሙሉ እግሩን ሙጃሌ የወረሰው ሰው ጤና ጣቢያ ይሂድ። የተበከለ የልጆች እከክ ቸል ከተባለ ኩላሊት ድረስ ይዘልቃል። የቆዳ ሐኪም የሚያስፈልገው ከወር በላይ ለቆየ ቁስል፣ ፊት ላይ ለወጣ ነገር ሁሉ፣ እንዲሁም ቆዳው እንደ ቅርፊት ወፍሮ ለተላጠ ሰው ነው። ይህኛው እጅግ ብዙ ተባይ የተሸከመ የእከክ ዓይነት ነው፤ ብዙ ጊዜ አቅማቸው የተዳከመ ሰዎችን ይይዛል፣ ተራው ሕክምናም አይበቃውም።

የትም ቢሄዱ ሽፍታው ሲጀምር በስልክዎ ያነሡትን ፎቶግራፍ፣ ባለፉት ሁለት ወራት ያደሩባቸውን ቦታዎች ስም፣ እስከ ዛሬ የተቀቧቸውን ቅባቶች ሁሉ ይዘው ይሂዱ። ቱቦው ባዶ ቢሆንም አይጣሉት። የአሽከርካሪውን ሦስት ባዶ ቱቦዎች ባላይ ኖሮ ምናልባት እኔም አራተኛውን እሸጥለት ነበር።